ነጩ ወይንና ዝም ያለው አፍንጫዬ

ሥራ የጀመርኩት በብርጭቆ ነው። ከሲግናል በታክሲ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ጥግ ካለው ምግብ ቤት በር ስደርስ ጀርባዬ በላብ ርሷል። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። «ተቀጥሬ ነው» አልኩት። «ምን ልትሠሪ?» ሲለኝ «አስተናጋጅ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ትሪ ይዤ አላውቅም ነበር።

የአስተናጋጆች አለቃ ጋሽ ተካ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን በሆቴል ሥራ ያሳለፉ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። አዳራሹን እንኳን አላሳዩኝም። በጓሮ በኩል ወደ ማጠቢያው ወሰዱኝና የተደረደሩ የወይን ብርጭቆዎች ፊት አቆሙኝ።

«እነዚህን አጥበሽ አድርቂ። ከሆዱ አትያዢው፤ ብርጭቆ የሚያዘው ከእግሩ ነው።»

አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ደረደርኩ። ጋሽ ተካ ተመልሰው ሲመጡ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል ብዬ ስጠብቅ አፍንጫቸውን ከተቱበት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ ያደረቅኩበትን ጨርቅ አንስተው አሸተቱ።

«ይሄ ጨርቅ ከወጥ ቤት ነው የመጣው። ሽንኩርት ይሸታል። ብርጭቆዎቹም ሽንኩርት ይሸታሉ። በንጹሕ ጨርቅ እንደገና።»

«ጋሼ፣ እኔን ምንም አልሸተተኝም» አልኳቸው።

«መች አሸተትሽና!» ብለውኝ ሄዱ።

እንደገና አጠብኩ። በዚያን ቀን ከብርጭቆ በቀር ሌላ ነገር አልነካሁም። ሲመሽ ቤት ገብቼ እህቴ «ሥራው እንዴት ነው?» ስትለኝ «ብርጭቆ ስናሸት ዋልን» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ከብርጭቆ አጣቢነት ወደ ረዳት አስተናጋጅነት፣ ከዚያም ወደ አስተናጋጅነት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጠርሙስ አከፋፈት ያስተማሩኝ ውሃ ሞልተው ቡሹን መልሰው በከተቱበት አሮጌ ጠርሙስ ነበር። መጀመሪያ የአንገቱን ወረቀት ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ የመክፈቻውን ጫፍ መሐል ላይ መትከል፣ ሳይቸኩሉ ማዞር፣ ቡሹ ሊወጣ ሲል በእጅ ይዞ ማለሳለስ። «ጠርሙስ ሲከፈት መተንፈስ አለበት እንጂ መጮህ የለበትም» ይሉ ነበር። ቡሹ በጮኸ ቁጥር እንደገና ያስከፍቱኛል። እጄ እስኪቆስል ውሃ ከፈትኩ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ንግሥት ናቸው። ምግብ ቤቱን ያስጠሩት በዓሣ ነው። ከአርባ ምንጭና ከጣና የሚመጣውን ዓሣ ተቀብሎ የሚያጸዳው፣ የሚቆርጠው፣ የሚጠብሰው ገመቹ የሚባል የእኔ እኩያ ነበር። ቤተሰቦቹ ከየካ ተራራ ጀርባ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከተማው እርሻውን ሲደርስበት እሱ ወጥ ቤት ገባ። ጸሎት ቤት መዘምር ነው። መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም። ዓሣውን ግን ሳጥኑ ሳይከፈት ከሩቁ «ይሄ ትናንት የወጣ ነው፤ ያኛው ይመለስ» ይል ነበር፤ ሲከፈትም እንዳለው ይሆናል።

አንድ ቀን ጠዋት ወይን የሚያስመጣ ድርጅት ሻጭ ካርቶን ይዞ መጣ። ዮናስ ይባላል፤ ፈጣን፣ ተጫዋች ልጅ ነው። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቀዝቃዛው የባሕር ዳርቻ የመጣ ነጭ ወይን ነው አለ። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያነበበ «ክሪስፕ ይለዋል» ሲል ጋሽ ተካ አቋረጡት።

«እሱ በአማርኛ ምንድን ነው?»

ዮናስ አሰበ። «ቆንጆ... ፍሬሽ... እንትን...»

«ስንቀምሰው እንነግርሃለን» አሉት።

ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ጋሽ ተካ ለእያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት ቀዱልን። እኔ አንድ ጊዜ ፉት አልኩና ዓይኔ ተጨፈነ። አንዷ አስተናጋጅ «ውይ፣ ሎሚ ነው እንዴ?» አለች። ሌላው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛ ላይ መለሰው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወይን ማለት ለእኛ ጣፋጭ ቀይ ነገር ነበር፤ ለዚያውም ለስላሳ ተጨምሮበት።

ጋሽ ተካ አልተቆጡም። «ገመቹ፣ ያን ዓሣ አምጣልን» አሉ። በጨውና በሎሚ ብቻ የተጠበሰ ዓሣ መጣ። «አሁን ከዓሣው ጉረሱ፤ ከዚያ ጠጡ።»

እንዳሉት አደረግን። ያው ወይን ሌላ ሆነ። ኮምጣጣው ቅባቱን ጠርጎ ይወስድና አፍ እንደገና ለመጉረስ ይዘጋጃል። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ የመለሰው ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ጨለጠው።

«አሁን አሽቱትና የሸተታችሁን ንገሩኝ» አሉ ጋሽ ተካ። «ወረቀት ላይ ያለውን አልፈልግም። እናታችሁ ጓሮ ያለውን ንገሩኝ።»

አፍንጫዬን ወደ ብርጭቆው አስገባሁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነገር መጣ። ከዚያ እጄን ሳሻሽበት የማውቀው ሽታ ሆነ። «ጤና አዳም» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ተካ ግን አልሳቁም። አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጤና አዳም ነው። ሌላስ?»

«የትርንጎ ልጣጭ። ደግሞ... ዝናብ እንደጀመረ ድንጋይ የሚሸተው።»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይን ስቀበል አብረሽኝ ትቆሚያለሽ» አሉኝ። ቅምሻው ሲያበቃ ለዮናስም ቃሉን ሰጡት፦ «ያንተ ክሪስፕ በእኛ ቋንቋ ቆፍጣና ነው። ቆፍጣና ወይን።» ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። እንግዳም «ቆፍጣናውን አምጪልኝ» ይል ጀመር።

ለምን እንደዚያ እንደሚቆመጥጥ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወይኑ የሚበቅለው ቀዝቃዛ ባሕር አጠገብ ነው። ከባሕሩ የሚነሳው ንፋስና ጉም ፍሬው ቶሎ እንዳይበስል ይይዘዋል፤ ዝግ ብሎ የበሰለ ፍሬ ኮምጣጣነቱን አይለቅም፣ መዓዛውንም አይጥልም። ይህን ለገመቹ ስነግረው ቢላዋውን ሳያቆም «እንደ ደጋ ገብስ በያ» አለኝ። «የቆላው ቶሎ ይደርሳል፤ የእኛው ዘግይቶ ይደርስና ጣዕሙ ይለያል።» ለሠልጣኝ ሳስረዳ እስከ ዛሬ የምጠቀመው የእሱን ምሳሌ ነው።

የእንግዳ ነገር ሌላ ትምህርት ነው። ቆፍጣናው ላይ በረዶ የሚጨምር አለ፤ ለስላሳ የሚደባልቅ አለ። አንድ ኮንትራክተር ለስላሳ አምጪልኝ ሲሉኝ ፊቴ ተለውጦ ኖሮ ጋሽ ተካ ጓሮ ጠሩኝ። «ወይኑን የሚጠጣው ማነው?» አሉኝ። «እሳቸው» አልኩ። «እንግዲያው ለስላሳውን ውሰጂ፤ ፊትሽን ደግሞ እዚህ ተዪው።» ወሰድኩ።

ሌላው አቶ መርዕድ ናቸው። ከሲ.ኤም.ሲ የሚመጡ፣ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ያገለገሉ ሽማግሌ። አንድ ቀን ወይኑን ስቀዳላቸው «ባሕር ባሕር ይሸታል» አልኳቸው፤ ከዮናስ የሰማሁትን።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ባሕር እኮ የሚሸተው የበሰበሰ አረምና ናፍጣ ነው» አሉና አንገታቸውን ወደ ብርጭቆው ደፉ። ቆዩ። «ይሄ ግን እሱ አይደለም። ይሄ ጨው ያረፈበት ድንጋይ ነው። እንደዚያ በይ።» እንዳሉኝ ማለት ጀመርኩ፤ ሲጠይቁኝም አንድ ባሕረኛ ነው የነገረኝ እላለሁ።

ጋሽ ተካ እግራቸውን እያመማቸው ሲሄድ በራሳቸው ፈቃድ ሥራ አቆሙ። የመጠጥ ክፍል ኃላፊነቱን እትዬ ንግሥት ለእኔ ሰጡኝ። ወይን መቀበል፣ ጠርሙስ መመርመር፣ ማከማቻውን መጠበቅ፣ ለእንግዳ ምክር መስጠት የእኔ ሥራ ሆነ። የእንጦጦ ብርድ ስለሚያግዘን ማከማቻችን ማቀዝቀዣ ብዙም አያስፈልገውም ነበር፤ በስተጀርባ ወደ ተራራው የተጠጋ የድንጋይ ክፍል ነው። እዚያ ስገባ እኔ የምኮራበት ቤት እንደገባሁ ይሰማኝ ነበር። አፍንጫዬ የታወቀ ሆነ። ዮናስ አዲስ ወይን ሲያመጣ ከሌሎቹ ቤቶች በፊት ለእኔ ያስቀምሰኝ ጀመር።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ቤቱ ተዘጋ፤ ቆይቶም ተከፈተ። በተከፈተ ሰሞን እኔ ታመምኩ። ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ድካም፤ እንደ ብዙ ሰው ተኝቼ ተነሳሁ። ዳንኩ ብዬ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ስልክ እያወራሁ ሳለ እህቴ ከሳሎን እየጮኸች መጣች።

«ሰብለ! ቤቱን ልታቃጥዪው ነው እንዴ?»

ድስቱ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ከስሏል። ቤቱ ጭስ ሞልቷል። እኔ ፊቱ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም።

ጭሱን ትቼ ሎሚ ቆረጥኩ። ባዶ። ሳሙና። ባዶ። ጓሮ ወጥቼ ጤና አዳም በጥሼ በመዳፌ አሸሁና አፍንጫዬ ላይ ጫንኩት። ቅጠሉ እርጥብ መሆኑን አወቅኩ፤ ሌላ ምንም። እዚያው ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ መጥታ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ የታሸውን ቅጠል ዘረጋሁላት።

ሥራ እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት አንድ ቆፍጣና መክፈት ነው። ቀዝቃዛ፣ ኮምጣጣ ውሃ ነበር። ምላሴ ኮምጣጣውን፣ መራራውን፣ ጣፋጩን ይለያል፤ ይህ ወይን ግን አብዛኛው ነገሩ ያለው ሽታው ላይ ነው።

የዚያኑ ዕለት እትዬ ንግሥት ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐኪም ምን አለ?»

«ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ነው የሚለው።»

«ይመለሳል። እስከዚያ ማንም አይወቅ። ቤቱ ገና እግሩን እየተከለ ነው። የወይን ኃላፊያቸው አፍንጫ የላትም ከተባለ ሰው ምን ይለናል?»

«ታዲያ ጠርሙሱን ማን ይመርምር፣ እትዬ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

የማውቀው አንድ አፍንጫ ነበር። ወጥ ቤት ሄጄ ገመቹን ወደ ጓሮ ጠራሁት። ሰምቶ ሲጨርስ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ሰብልዬ፣ እኔ እኮ መጠጥ አልነካም።»

«አትጠጣም። ታሸታለህ ብቻ። የሸተተህን ትነግረኛለህ፤ የቀረውን በምላሴ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ጸሎት ቤት ሰው ቢሰማስ?»

«እንግዲያው ይቅር» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። በእሱ እምነት ላይ የእኔን እንጀራ ልጭን አልፈለግኩም። «ቆይ፣ ልጠይቅ» ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ እየሳቀ መጣ። አባቱን ጠይቋል። ሽማግሌው በኦሮምኛ መለሱለት፤ እሱ ወደ አማርኛ መለሰልኝ፦ «ማሽተትና መጠጣት አንድ ከሆነማ የጠጅ ቤት ጎረቤት ሁሉ ሰካራም ነው።» የጸሎት ቤቱንም ሽማግሌ በራሱ አፍ ነግሯቸዋል። ደስ አላላቸውም፤ አልከለከሉትምም። «ግን ከንፈሬን አይነካም፤ ለእንግዳም አልቀዳም» አለኝ። ተስማማን።

እንዲህ ሆነን መሥራት ጀመርን። ጠዋት፣ ዓሣ ከመምጣቱ በፊት፣ ማከማቻው ውስጥ እንቆማለን። እኔ እከፍታለሁ፤ እሱ ያሸታል። የወይን ቃል አያውቅም፤ እኔም አላስተማርኩትም። «ይሄ ዝናብ የመታው ካርቶን ነው» ይላል፤ ቡሹ ያበላሸው መሆኑን አውቄ አነሳዋለሁ። «ይሄ የተላጠ ትርንጎ፣ ጎመን የተቀነጠሰበት እጅ» ይላል፤ ደህና ነው። ከዚያ እኔ ቀምሼ ኮምጣጣነቱን እመዝናለሁ። በሁለት ሰው አንድ ሙሉ ሰው ሆንን። ስቀናበት የዋልኩበትም ቀን ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ሲል እኔ ከብርጭቆው ውስጥ የማየው ውሃ ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ትልቅ የምሳ ግብዣ መጣ። ልጆቻቸውን ለማጋባት የተስማሙ ሁለት ቤተሰቦች የቀለበት ምሳ እኛ ጋ ሊያደርጉ ነው። ቤቱ እንደገና ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለ ብዙ ሰው መጥቶ አያውቅም። የመረጡት ዓሣና ቆፍጣናውን ነው። ማከማቻችን ውስጥ ደግሞ ወይኑ አልቆ ነበር፤ ከወደብ የሚመጣው ጭነት በበረሃው መንገድ ላይ ቆሞ ከረመ። የደረሰው ግብዣው ደጅ ሲደርስ ነው።

ዮናስ ከጭነት መኪናው ጋር ጠዋት መጣ። ገመቹ ዓሣ ሊቀበል ወደ መገናኛ ወርዷል። እትዬ ንግሥትም ከቢሮ ወጥተው መጡ። ሹፌሩ ሌላ ቦታ ስለሚጠበቅ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ዮናስ ከላይ ከተደረደሩት ካርቶኖች አንድ ጠርሙስ አወጣ፣ ከፈተ፣ ራሱ አሸተተና ቀዳልኝ።

«በጣም አሪፍ ነው። እስኪ ቅመሺው፤ አንቺ ደህና ነው ካልሽ አሁኑኑ እናራግፋለን።»

ብርጭቆውን ተቀበልኩ። እትዬ ንግሥት ከዮናስ ጀርባ ቆመው በዓይናቸው «በይ» አሉኝ። ግልጽ ነበር። ወይኑ ከተመለሰ ለምሳው የሚቀርብ የለም። አሸተትኩ። ባዶ። ቀመስኩ። ይቆመጥጣል፤ ደህናም ይመስላል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ዮናስም ያምነኛል፣ እትዬም ይደሰታሉ።

ያመነኝ ግን በአፍንጫዬ ነው፤ አፍንጫው ደግሞ የለም። በበረሃ ሙቀት የከረመ ወይን ለሁለት ቤተሰብ ቀለበት ደህና ነው ብዬ ላሳልፍ አልቻልኩም።

«ዮናስ፣ እኔን አይሸተኝም» አልኩት። «ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ አይሠራም። ገመቹ እስኪመጣ እንጠብቅ።»

ዮናስ ዞር ብሎ እትዬ ንግሥትን አያቸው። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ለሹፌሩ «ሞተሩን አጥፋው» አለው።

ገመቹ በጎማ ጫማው እየረገጠ መጣ። እጁን በውሃ ብቻ ታጠበ፤ የሳሙና ሽታ እንዳይኖርበት። የመጀመሪያውን አሸተተ። «ትርንጎ። ደህና ነው።» ሁለተኛውንም ደህና ነው አለ። እትዬ ንግሥት «ይኸው!» አሉ፤ ዮናስም ፊቱ ፈታ አለ። እኔ ግን ሁለቱም ከላይ የወጡ መሆናቸውን አይቻለሁ።

«ከሥር፣ በሞተሩ በኩል ከተጫነው አንድ አውርዱልኝ» አልኩ።

ወረደ። ከመክፈቴ በፊት አውራ ጣቴን በጠርሙሱ አንገት ላይ ሳሳልፍ ቡሹ ወረቀቱን ወደ ላይ ገፍቶት ተሰማኝ። ወይን ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ይገፋል። ከፈትኩ። ገመቹ ጠጋ ብሎ ወዲያው ራሱን መለሰ።

«ይሄ ተቀቅሏል። የኮክ ማርማላታ ነው የሚሸተው።»

ዮናስ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብሎ አሸተተ። «እውነቱን ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከላይ ያለውን ብቻ ነበር ያየሁት።» ሰውየው ሊያታልለን አልመጣም፤ እሱም ቸኩሎ ነበር።

የቀረውን ቀን ሦስታችን በጋራ ዋልን። እኔ በጣቴ እየዳሰስኩ ቡሹ የተገፋውን እለያለሁ፤ አጠራጣሪውን ዮናስና ገመቹ ያሸታሉ። በሞተሩ በኩል የተጫነው በሙሉ ማለት ይቻላል ተመለሰ። ከመሐልና ከላይ የነበረው ለምሳው በቃ።

ማታ ላይ እትዬ ንግሥት ጠሩኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ወይኑን አተረፍሽው፤ እሱን አልክድም። ግን በሻጭ ፊት ተናገርሽ። ነገ ከተማው ይሰማል። አሁን እኔ አንቺን ወይን ላይ አስቀምጬ እንግዳውን ምን ልበለው?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለጊዜው ከወይኑ ውረጅ። በር ላይ እንግዳ ተቀበዪ።»

በቀለበቱ ምሳ ቀን በር ላይ ቆምኩ። ካፖርት ተቀበልኩ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አልኩ፣ ወደ ጠረጴዛ መራሁ። ከአዳራሹ የብርጭቆ ድምፅ ሲመጣ የተሰቀሉትን ካፖርቶች እንደገና እደረድራለሁ። የሙሽራዋ አባት ሲወጡ «ወይኑ እንዴት ቆንጆ ነበር» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ከሰው ዓይን ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ወሬው እንደተባለው ተሰማ። ዮናስ በክፋት አልተናገረም፤ እንደ ጉድ አወራው እንጂ። እትዬ ንግሥት ከአንድ ትልቅ ሆቴል ሌላ ሰው ቀጠሩ። ምክር ይጠይቁኝ የነበሩ እንግዶች በአጠገቤ በዝምታ ያልፉ ጀመር። አቶ መርዕድ ብቻ በግልጽ መጡ።

«አፍንጫዋ ጠፋ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ሲያሳዝን!» አሉና ካፖርታቸውን ሰጡኝ። «በይ ደህና ቦታ አስቀምጪኝ፤ ንፋስ የሌለበት።» እንደ ሰው ስላናገሩኝ ቀኔ ቀለለልኝ።

በኋላ የሄድኩባት፣ የካ ያለች ሌላ ሐኪም አፍንጫ እንደ እግር ነው፣ ካልሄዱበት ይሰንፋል አለችኝ። ጠዋትና ማታ ጠንካራ ሽታ ያላቸውን ነገሮች፣ የድሮ ሽታቸውን እያሰብኩ፣ እንዳሸት አዘዘችኝ። ሎሚ፣ ጤና አዳም፣ ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት መረጥኩ። በየማሰሮው አድርጌ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። እህቴ «ጠንቋይ ሆነሽ ልትቀሪ ነው» እያለች ትስቅብኛለች፤ ሎሚው ሲደርቅ ግን በዝምታ የምትቀይርልኝ እሷ ነበረች።

ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ መጣ፤ ግን ተበላሽቶ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሳሙናው የተቃጠለ ጎማ። የገዛ ትራሴ የተቃጠለ ጎማ። መብላት አቃተኝ፤ ከሳሁ። ሐኪሟ «ነርቩ እየተመለሰ ነው፤ መንገዱን ስቶ ነው» ስትለኝ ላምናት ፈልጌ አቃተኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በወጥ ቤቱ በኩል ሳልፍ አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ቆምኩ።

«ገመቹ! ይሄ ዓሣ ሸቷል!»

ገመቹ ዞር አለ። «አዎ፣ ልጥለው ነው ያስቀመጥ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርስ ቢላዋውን ጣለ። «ምን አልሽ?»

«ሸቷል አልኩህ! ዓሣ ዓሣ ይሸታል! ክፉኛ ይሸታል!»

«እልል!» አለች ሰላጣ የምትከትፈዋ። ገመቹ ሳጥኑን አንስቶ ወደ እኔ አስጠጋው፤ እኔም እንደ አበባ አጎንብሼ አሸተትኩት። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈረ፤ እኔ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል። በሕይወቴ እንዲያ ያስደሰተኝ የበሰበሰ ነገር የለም።

የቀረው ቀስ እያለ መጣ። ሁሉም አልመጣም። ከሆቴሉ የመጣው ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እትዬ ንግሥት ማከማቻው ውስጥ ጠሩኝና አንድ ቆፍጣና አስከፈቱኝ።

«እስኪ፣ ምን ይሸትሻል?»

ጊዜ ወስጄ አሸተትኩ። «ጤና አዳሙ አለ። ድንጋዩ በትንሹ አለ። ትርንጎው የለም። ቡሹ ያበላሸውን አሁን ቢያመጡልኝ ላውቀው አልችልም።»

«ታዲያ ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም?»

«እመለሳለሁ። ግን ጠርሙስ ብቻዬን አላሳልፍም። ከእኔ ሌላ አንድ አፍንጫ ይኑር።»

እትዬ ንግሥት ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉ። «ያኔ ተቆጥቼሽ ነበር» አሉኝ። «ያንን የተቀቀለውን ብናቀርብ ኖሮ ግን ቤቱን የምዘጋው እኔ ነበርኩ።» ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይሄም ብዙ ነው።

አሁንም እዚያው ነኝ። ትርንጎው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ገመቹ ጠዋት ጠዋት ያሸታል፤ አሁንም አንዲት ጠብታ አልጠጣም። እሱ ሲያርፍ ሌላ ሠራተኛ ይቆማል። እንግዳ ሲጠይቀኝ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጓደኛዬ አሸቶታል እላለሁ፤ በዚህ የተነሳ ወይን የመለሰብኝ ሰው የለም።

አዲስ ለሚገቡት የማስተምረው አጭር ነው። ያልሸተታችሁን ሸተተን አትበሉ። ከተጠራጠራችሁ ብርጭቆውን አጠገባችሁ ላለው ሰው አቀብሉ። ሥራው የሚበላሸው ባለማወቅ ሳይሆን እንደሚያውቁ በመምሰል ነው።